ሳይፈጭ የቀረው እንግዳ

ሐሙስ ማታ ነው፤ ፈሃሂል፤ ሳህን አጥቤ ጨርሼ፣
ጨርቁን ጨምቄ ሰቅዬ፣ እጄን በቀሚሴ አብሼ፣
ደላል መጣች ወደ ማድ ቤት፣ ነጠላ ጫማ እየጎተተች፣
«ትብለጥ፣ ለእሑድ ይፈለጋል፤ ኸሊያ እንሥራ» አለች።

(ደላል ስሟ ነው የልጅቱ፤
እኔን የላከኝ ደላላ ሌላ ነው፤ ሌላ ነው ቤቱ።)

ኸሊያ ያለችው ሕዋስ ነው፤ ወረቀቷ ላይ አየሁት፤
ያንኑ ክብ፣ ሐይቅ ከተማ፣ ዘጠነኛ ክፍል የተውኩት።
መምህር ይማም ሲሥሉት፣ ጠመኔው እየተሰበረ፣
«ትንፋሽ ያለው ሁሉ» ይሉ ነበር፣ «ከዚች ጎጆ ጀመረ።»
እኛ ከኋላ ወንበር ላይ፣ ሕዋስ ሲሉን የሚመስለን
ማየት፣ መስማት፣ መዳሰሱ፤ አምስቱ ብቻ ነበር ያለን።
ሌላውን አልደረስኩበትም። ፈተናው ለሰኔ ነበር፤
ቪዛው ግን መጋቢት ወጣ፤ ቪዛ ለሰኔ አያድር።

ቢጫ ጄሊ አፍልቼ በጎድጓዳው ሳህን አፈሰስኩት፤
ሲረጋ፣ ሲንቀጠቀጥ፣ በጣቴ ነካ አደረግኩት።
«ሳይቶፕላዝም ነው፤ ሁሉም የሚዋኝበት፤
ውሃ ነው፤ ጨው አለበት።»
ስስ ላስቲክ ጠቀለልንበት፤ «ሽፋኑ» አለች፣ «ዘበኛ፤
የሚገባ የሚወጣውን ይመርጣል፤ ሌት እንኳ አይተኛ።
ውሃን ዝም ብሎ ያሳልፋል፤ ስኳርን ግን ይጠይቃል፤
‹ማነህ? ማን ጠራህ?› ይላል።»
ዝም አልኳት። እንዲህ ያለ በር
እኔም አውቃለሁ፤ ቁልፉ ከውጭ የሚዞር።

ለኒውክለሱ ኮክ አመጣች፤ መሐሉ ላይ ተከለችው፤
«ትእዛዝ ሁሉ ከዚህ ይወጣል፤ መጽሐፉ እዚህ ነው ያለው።
ዋናው ግን ደጅ አይወጣም፤ ግልባጩ ነው የሚሄደው።»
የእኔም ፓስፖርት እንደዚያው፣ ከማዳም መሳቢያ አይወጣ፤
ያለኝ ግልባጩ ነው፤ ፎቶዬ ጠቁሮ፣ መልክ ያጣ።

ጥቁር አዝሙድ በተንንበት፤ ራይቦዞም ነው፤ እንደ ሸማኔ
ግልባጩን እያነበበ ፕሮቲን ያበጃል በወኔ።
አተሯ ላይሶዞም ሆነች፤ ያረጀ ሁሉ የምትጠርግ፤
«እንዳንቺ» አለችኝ ደላል። ክፋት የላትም። ምን ላርግ።

ቴምር ቀረ። ሰባት ፍሬ አጥቤ፣ ውሃውን አራግፌ፣
«ይሄስ ምን ሊሠራ ነው?» አልኳት፣ መደገፊያው ላይ ተደግፌ።
«ሚቶኮንድሪያ ነው፤ እሳቱ። ስኳርን በአየር ያነዳል፤
ቤቱ በሙሉ በእሱ ይሠራል።
ድሮ ድሮ ግን የቤቱ አልነበረም፤ እንግዳ ነው፤
ብቻውን ባሕር ውስጥ ሲኖር፣ አንዱ ትልቅ ሕዋስ ዋጠው።
ዋጠውና፣ ሳይፈጨው ቀረ።
እዚያው እሳት እያነደደ ኖረ።»

ቴምሩ እጄ ላይ ቆመ።
«ታዲያ አገሩ አይመለስም?»
«አይችልም፤ ብቻውን ይሞታል።»
«ቤቱስ?» አልኳት። ገጹን ገለጠች። «ያለ እሱ ቤቱም ይጨልማል።
የራሱ ጽሑፍም አለው፤ ትንሽ፣ ከኮኩ የተለየች፤
ይኼው እስከ ዛሬ ድረስ ከእጁ አልወጣች።
ደግሞ፣ ትብለጥ፣ ይህን ስሚ፦ ከአባት አይወረስም፤
ከእናት ብቻ ነው።»
ከዚያ ወዲያ ያነበበችውን አልሰማሁም።

እናቴ ወር በጠባ ቁጥር ትጠይቀኛለች በስልክ፣
«ምን ላክሽልኝ?»
እነግራታለሁ፤ ልክ በልክ።
እሷ ምን እንደላከችልኝ እኔ ጠይቄ አላውቅም።
ምንጣፍ ሲነሳ በክንዴ፣ ደረጃ ስወጣ በልቤ፣
ሥራ በበዛበት ሥጋ ሁሉ፣ በጥጋቤም በረሃቤ፣
አንድም ኬላ ያልፈተሸው የእሷ እሳት ነው ለካ፣
በሺህ በሺህ ሆኖ የሚነድ፣ ማንም በእጁ ሳይነካ።

እሑድ ሹፌሩ ወሰደው። ግንቦት ነው፤ ያ የግንቦት ፀሐይ!
ከሰዓት ሲመለስ ቀልጧል፤ ኮኩ ተገልብጦ ከላይ፣
ላስቲኩ ከጠርዝ ተጣብቆ። «አሥር ከአሥር!» አለች ደላል።
ቢጫውን ውሃ ደፋሁት። ከታች ቴምሮቹ ቀርተዋል፤
አልቀለጡም። አውጥቼ አጠብኳቸው።
ስቆጥር ስድስት ናቸው።
ቀና ብዬ ልጅቱን አየሁ፤
ከንፈሯ በማር ይጣበቃል። እኔም ዝም አልኩ፤ ሳቅሁ።